ሥዕልና ቅርጽን ለጉዞ ማሸግ፦ የሳጥኑ ጥንካሬ ብቻውን ለምን አይበቃም?

የቀረበልኝ ጥያቄ በአጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂያችን ሦስት ሥራዎችን በመጀመሪያ በመኪና፣ ከዚያም በአውሮፕላን በሌላ አገር ወደሚካሄድ ዐውደ ርእይ ይልካሉ፤ ሥራዎቹም ዐውደ ርእዩ ሲያበቃ ይመለሳሉ። አንደኛው ስፋቱ 120፣ ቁመቱ 150 ሴ.ሜ የሆነ፣ ቀለሙ በወፍራሙ የተደራረበና ከ8 ወር በፊት የተጠናቀቀ የዘይት ቀለም ሥዕል ነው። ሁለተኛው በወረቀት ላይ በከሰል የተሣለና መስታወት ባለው ፍሬም ውስጥ የሚገኝ ነው። ሦስተኛው እጆቹን የዘረጋ፣ ከተተኮሰ ሸክላ የተሠራ ቅርጽ ነው። ያሰቡት እያንዳንዱን በባብል ራፕ (አየር የታሸገባቸው ክብ ክብ ኪሶች ባሉት ፕላስቲክ) ደጋግመው ጠቅልለው፣ ሦስቱንም በአንድ ወፍራም የእንጨት ሳጥን ውስጥ አስገብተው፣ ክፍተቱን በተጨማደደ ጋዜጣና በስፖንጅ ጠቅጥቀው፣ ክዳኑን በምስማር መምታት ነው። ይህ ይበቃ እንደሆነና ወጪ ለመቀነስ ሸራውን ከመወጠሪያው አውጥቶ ጠቅልሎ መላክ ይቻል እንደሆነ ይጠይቃሉ።

መልሴ አይበቃም፣ ሸራውም አይጠቀለል የሚል ነው። ወፍራም ሳጥን ሥራውን ከሹል ነገር፣ ከላይ ከሚጫንበት ክብደትና ከዝናብ ይከላከልለታል፤ ከመውደቅ ግን አያድነውም። ለዚህ ነው ከሳጥኑ ይልቅ በሳጥኑና በሥራው መካከል ስላለው ነገር አብዝቼ የምጽፈው።

አንድ ሰው ይዞት የሚሄደው ሳጥን ከእጁ ቢያመልጥ የሚወድቀው በግምት ከ75 ሴ.ሜ ከፍታ ነው፤ መሬት ሲነካም ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 14 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ጉዳቱን የሚወስነው ይህ ፍጥነት በምን ያህል ርቀት ውስጥ ቆመ የሚለው ነው። ጠንካራ እንጨት በሲሚንቶ ወለል ላይ አርፎ በ2 ሚሊ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ የወደቀበት ከፍታ ለቆመበት ርቀት ሲካፈል 375 ይመጣል፤ ይህም ማለት ከሳጥኑ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ሥራ ለቅጽበት የራሱን ክብደት 375 እጥፍ የሚያህል ኃይል ይቀበላል ማለት ነው። በሙያው ይህ 375 ጂ ይባላል። ሥራው ግን 2.5 ሴ.ሜ እየተጨመቀ በሚያቆመው ፎም ላይ ቢያርፍ፣ በዚያው ስሌት ቁጥሩ ወደ 30 ይወርዳል። በተግባር ፎም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእኩል ኃይል ስለማይቋቋም ውጤቱ ከዚህ ከፍ ይላል፤ ቢሆንም ጥሩ ይዞታ ላለው የሸራ ሥዕል ብዙ ጊዜ እንደ ገደብ የሚያዘው 50 ጂ አካባቢ በ5 ሴ.ሜ ውፍረት ባለው ትክክለኛ ፎም የሚደረስበት ነው። ሳጥኑን በእጥፍ ማወፈር ይህን ቁጥር አይለውጠውም። እንዲያውም በጣም ከባድና ግትር የሆነ ሳጥን ለተሸካሚዎቹ የማይመች ስለሚሆን የመውደቅ ዕድሉን ይጨምራል።

ከዚህ ተነሥተው ብዙ ሰዎች ፎም በበዛ ቁጥር ጥበቃው ይጨምራል ብለው ይደመድማሉ፤ እርስዎም ክፍተቱን ሁሉ ለመጠቅጠቅ ያሰቡት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። በእኔ እምነት በዚህ ሥራ ከሚፈጸሙት ስሕተቶች ሁሉ የሚከፋው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ጥንቃቄ ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም። ፎም ሊጠብቅ የሚችለው ሲጨመቅ ብቻ ነው፣ ለመጨመቅ ደግሞ ተመጣጣኝ ክብደት ያስፈልገዋል። ቀላል ሥራ በሰፊ ፎም ላይ ቢቀመጥ ክብደቱ ስለሚበታተን ፎሙ አይጨመቅም፤ በእንጨት ላይ የመቀመጥ ያህል ይሆናል። ከባድ ሥራ በጠባብ ፎም ላይ ቢቀመጥ ደግሞ ፎሙ እስከ መጨረሻው ተጨፍልቆ ሥራው ከሳጥኑ ግድግዳ ጋር ይላተማል። ስለዚህ ታዋቂ የፎም አምራቾች ለእያንዳንዱ ዓይነትና ውፍረት፣ ዕቃው በካሬ ሴንቲ ሜትር ስንት ግራም ሲያሳርፍ ፎሙ በደንብ እንደሚሠራ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ያዘጋጃሉ። ፎም ሲገዙ ይህን ሰንጠረዥ ይጠይቁ፤ ሻጩ ከሌለው ሰንጠረዥ ያለውን ፎም ይምረጡ።

በእርስዎ ሥዕል እናስላው። ሥዕሉ በቀጭን የውስጥ ሳጥን ውስጥ ከገባ በኋላ የውስጡ ሳጥን መጠን 166 በ136 በ16 ሴ.ሜ፣ ጠቅላላ ክብደቱም 24 ኪሎ ግራም ነው እንበል። የመረጡት ባለ 5 ሴ.ሜ ፎም በደንብ የሚሠራው በካሬ ሴንቲ ሜትር 30 ግራም ሲያርፍበት ነው ብሎ ሰንጠረዡ ከነገረዎት፣ 24,000 ለ30 ሲካፈል 800 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሥዕሉ በረጅሙ ጎኑ ስለሚቆም (ምክንያቱን ስለ ውጭው ሳጥን ስጽፍ እገልጻለሁ) ከሥሩ ያለው ወለል 166 በ16፣ ማለትም 2,656 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ወለሉን በሙሉ በፎም ቢያነጥፉት በካሬ ሴንቲ ሜትር የሚያርፈው 9 ግራም ብቻ ይሆናል፤ ፎሙም ለዚህ ሥራ እጅግ ደረቅ ይሆናል። በሁለቱ የታች ማዕዘኖች ግን እያንዳንዳቸው 25 በ16 ሴ.ሜ የሆኑ ሁለት ትራሶች ቢያደርጉ በትክክል 800 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያገኛሉ። ሳጥኑ በጀርባው ወይም በፊቱ ቢወድቅስ? በእያንዳንዱ ሰፊ ገጽ አራት ማዕዘኖች ላይ እያንዳንዳቸው በግምት 14 በ14 ሴ.ሜ የሆኑ ትራሶች ያስፈልጋሉ፤ ድምራቸው ያው 800 አካባቢ ነው። በቀረው ቦታ ያለው 5 ሴ.ሜ ባዶ ክፍተት ይሁን፤ ክፍተቱ ሥራው በሚወድቅበት ጊዜ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ስለሆነ በጋዜጣ መሙላት ጥበቃውን ያፈርሰዋል። የሙቀት መከላከያ ከፈለጉ በውጭው ሳጥን ግድግዳ ላይ ቀጭን ንጣፍ ይለጥፉ፣ ሳጥኑንም በዚያው መጠን ያስፉት እንጂ ክፍተቱን አይንኩት።

የፎሙን ዓይነት በተመለከተ፣ የፖሊኢትሊን ፎም ጠንከር ያለ፣ ውሃ የማይመጥና ለከባድ ዕቃ የሚስማማ ሲሆን፣ በፖሊኤስተር ላይ የተመሠረተው ፖሊዩሬቴን ፎም እንደ ሥዕል ላሉ ቀላል ሥራዎች ይመረጣል። ለመቀመጫና ለፍራሽ የሚሠራው ለስላሳ ስፖንጅ በትንሽ ክብደት እስከ ታች ስለሚጨፈለቅ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የተጨማደደ ጋዜጣ ከአንድ ምት በኋላ አይመለስም፣ በመንገዱ ንዝረትም እየተጠቀጠቀ ሄዶ ጉዞው ሲጋመስ ሥራው በሳጥኑ ውስጥ መንከላወስ ይጀምራል። የጋዜጣው ቀለምም ይለቃል።

አሁን ወደ ሥዕሉ ልግባ። የዘይት ቀለም የሚደርቀው ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ በመሆኑ ላይኛው ቆዳ በሳምንታት ውስጥ ሲይዝ፣ በወፍራሙ የተደረበው ክፍል ውስጡ ለብዙ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ለስላሳ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። የ8 ወር ዕድሜ ያለው ወፍራም ቀለም ደርቋል ብሎ መተማመን አይቻልም። ባብል ራፕ በእንዲህ ያለ ገጽ ላይ በቀጥታ ቢያርፍ ክብ ክብ ምልክቶቹን በቀለሙ ወይም በቫርኒሹ ላይ ያትማል፤ ይህ ምልክት ከተፈጠረ በኋላ ማስለቀቁ እጅግ አስቸጋሪ ነው። በሙቀት ጊዜ የአክሪሊክ ቀለምም እንዲሁ ይለሰልሳልና በፕላስቲክም ሆነ ግላሲን በተባለው ልሙጥ ስስ ወረቀት ላይ ሊጣበቅ ይችላል። ስለዚህ ለእርስዎ ሥዕል ያለኝ ምክር አንድ ነው፦ ፊቱን ምንም ነገር አይንካው።

ይህን የሚያስችለው የጉዞ ፍሬም የምንለው ነው። ከሥዕሉ በሁሉም ጎን ወደ 5 ሴ.ሜ የሚሰፋ፣ ከወፍራሙ ቀለም ከፍታ ቢያንስ በ3 ሴ.ሜ የሚበልጥ ጥልቀት ያለው የእንጨት ፍሬም ይሠራል፤ ሥዕሉ በመወጠሪያው ጀርባ በኩል በብረት ቁራጮችና በቪቴ ከዚህ ፍሬም ጋር ይታሰራል። ከዚያ በኋላ ሰው የሚይዘው፣ ፎም የሚነካውና ፕላስቲክ የሚጠቀለልበት ፍሬሙ ብቻ ይሆናል። ቪቴዎቹ ከመወጠሪያው እንጨት ውፍረት ያጠሩ መሆናቸውን ከማሰርዎ በፊት አንድ በአንድ ይለኩ፤ በጀርባ በኩል የገባ ረጅም ቪቴ ሸራውን ከኋላ ሊወጋው ይችላል። በመወጠሪያው ማዕዘኖች ያሉት ትናንሽ ሽብልቆች በንዝረት ወልቀው በሸራውና በታችኛው እንጨት መካከል ገብተው ሸራውን እንዳያጎብጡት በቀጭን ጥብጣብ ይታሰሩ። የመስቀያ ሽቦውም ከነማንጠልጠያው ይውለቅ።

ንዝረት ከመውደቅ የሚለየው ሁልጊዜ ያለ በመሆኑ ነው። መኪና በሚሄድበት ጊዜ ሁሉ ይነዝራል፤ ብዙ የተወጠሩ ሸራዎች ደግሞ በተፈጥሯቸው በሰከንድ ከ5 እስከ 50 ጊዜ ባለው ክልል ውስጥ ስለሚወዛወዙ የመኪናው ንዝረት በዚሁ ክልል ሲያገኛቸው የሸራው መሐል ከሚደርስበት ንዝረት በላይ ይወዛወዛል። መፍትሔው ቀላልና ርካሽ ነው፤ በመወጠሪያው ጀርባ ላይ ሙሉውን የሚሸፍን ቀጭን ግን ግትር ሰሌዳ በቪቴ ይታሰር። በሰሌዳውና በሸራው መካከል የሚታሰረው አየር ሸራው በነፃነት እንዳይመታ ይገታዋል፣ ሰሌዳው ጀርባውን ከመወጋትም ከአቧራም ይጠብቀዋል። በጉዞ ዝግጅት አንድ ነገር ብቻ እንድሠራ ቢፈቀድልኝ የማስቀድመው ይህን የጀርባ ሰሌዳ ነው። በመኪናው ውስጥ ደግሞ ሥዕሉ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ገጹም ከመኪናው ጎን ጋር ትይዩ ሆኖ ወደ ጉዞው አቅጣጫ ይዘርጋ፤ እንዲህ ሲሆን ፍሬን ሲያዝ የሚመጣው ግፊት በሸራው ገጽ ላይ በቀጥታ አያርፍም።

ሸራውን ስለመጠቅለል የጠየቁት እዚህ ላይ መልስ ያገኛል። ወፍራምና ገና ያልደረቀ ቀለም ሲታጠፍ ይሰነጠቃል ወይም እርስ በርሱ ይጣበቃል። የሚጠቀለል ሸራ ቀለሙ ስስ፣ የደረቀና የሚለመጥ መሆን አለበት፤ ጥቅሉ በተቻለ መጠን ሰፊ በሆነ ቧንቧ ላይ መሆን፣ ቀለም የተቀባው ፊት ወደ ውጭ መሆን፣ ክፍሉም ቀዝቃዛ አለመሆን አለበት። ፊቱ ወደ ውጭ የሚሆነው፣ ጥቅሉ ሲፈታ ቢሰነጠቅ እንኳ ስንጥቁ መልሶ እንዲገጥም ነው፤ ፊቱ ወደ ውስጥ የሆነ ቀለም ግን ተጨናንቆ ከሸራው ሊላቀቅ ይችላል። የእርስዎ ሥዕል እነዚህን መስፈርቶች አያሟላም።

የውጭውን ሳጥን ከማሠራትዎ በፊት መንገዱን ይለኩ። በሮቹን፣ ደረጃውን፣ ሊፍቱን፣ የመኪናውን ጀርባ፣ በመጨረሻም አውሮፕላኑን። ሰው በሚጭኑ ትላልቅ አውሮፕላኖች የታችኛው የጭነት ክፍል የሚቀበለው ቁመት ብዙውን ጊዜ 160 ሴ.ሜ አካባቢ ነው፤ ከዚያ የበለጠ ሳጥን የጭነት አውሮፕላን ይፈልጋል፣ ይህም ወጪውንም ቀጠሮውንም ይለውጠዋል። ሥዕልዎ በተፈጥሮ ቁመቱ ቢቆም የውጭው ሳጥን 187 ሴ.ሜ ያህል ይሆናል። በረጅሙ ጎኑ ቢተኛ ግን፣ ማለትም ገጹ ቀጥ እንዳለ ሩብ ዙር ቢዞር፣ 136 ሴ.ሜ የውስጥ ሳጥን፣ ከላይና ከታች በድምሩ 10 ሴ.ሜ ፎም፣ ሁለት ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፕላይውድና ለፎርክሊፍት ሹካ 8 ሴ.ሜ ከፍታ ያላቸው የታች ሞራሌዎች ሲደመሩ ከ157 ሴ.ሜ አይበልጥም። ሳጥኑ ዝቅ ማለቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ ቀጭንና ረጅም ሳጥን በቀላሉ ይገለበጣል፣ መገልበጥ ደግሞ ለትላልቅ ሥዕሎች በቀጥታ ከመውደቅ ይልቅ የሚያሰጋ አደጋ ነው። የአጓጓዡን የከፍታ ገደብ ከሳጥኑ ሥራ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ። በ1941 የለንደኑ ብሔራዊ ጋለሪ ሥዕሎቹን ከቦምብ ድብደባ ለማሸሽ በዌልስ ወደሚገኘው የማኖድ የድንጋይ ካባ ሲያጓጉዝ፣ ቫን ዳይክ የሣለው በፈረስ ላይ ያለው የንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ግዙፍ ሥዕል በአንድ የባቡር ድልድይ ሥር እንዲያልፍ መንገዱ ተቆፍሮ ዝቅ ተደርጎለት ነበር። ያን ጊዜ ሥዕሉን ያዳነው መንገዱ አስቀድሞ መለካቱ ነው፤ ለእርስዎ መንገድ የሚቆፍር ስለሌለ ሳጥኑ ነው መንገዱን መምሰል ያለበት።

ክዳኑን በምስማር እንዳይመቱ አጥብቄ እመክራለሁ። እያንዳንዱ የመዶሻ ምት በሳጥኑ ግድግዳ በኩል ወደ ሥራው ይሄዳል፤ በሚከፈትበት ቦታ ደግሞ ምስማር የሚነቀለው በመፈልቀቂያ ብረት ነው፣ ፕላይውዱም ይሰነጠቃል፣ ለመልሱ ጉዞም ክዳኑ አይገጥምም። ግድግዳዎቹ በኮላና በቪቴ ይያያዙ፤ ክዳኑ ግን በግድግዳው ውስጥ በተቀበረ የብረት ጥርስ በሚገባ ቡሎን ይታሰር። ቡሎኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነትና አንድ ርዝመት ይሁኑ፣ ቦታቸውም በቀለም ይከበብ፤ ይህን ሲያደርጉ ከፋቹ የትኛው እንደሚፈታና የትኛው እንደማይነካ በአንድ እይታ ያውቃል። በክዳኑ ዙሪያ የጎማ ማሸጊያ ይለጠፍ። ማዕዘኖቹ ከውጭ በሞራሌ ይጠናከሩ፣ መያዣዎች በሁለቱም ጎን ይኑሩ፣ ውጩ በውሃ መከላከያ ቀለም ይቀባ፤ ቀለሙ ነጣ ያለ ቢሆን ሳጥኑ በፀሐይ ላይ ቢቆም የሚስበው ሙቀት ይቀንሳል።

ወደ ሌላ አገር የሚሄድ ማሸጊያ ጥሬ እንጨት ካለበት አይ.ኤስ.ፒ.ኤም. 15 የተባለው ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ጤና መስፈርት ይመለከተዋል። በመስፈርቱ መሠረት በሙቀት የሚታከም እንጨት እስከ መሐሉ ድረስ ቢያንስ 56 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለ30 ተከታታይ ደቂቃዎች መድረስ አለበት፤ ሕክምናውም የስንዴ ዘለላ ምስል ባለበት ማኅተም ይረጋገጣል። ፕላይውድ በኮላና በሙቀት የተሠራ በመሆኑ ከዚህ ነፃ ነው፤ ከሥር ያሉት ሞራሌዎች ግን ነፃ አይደሉም። ሰዎች የሚዘነጉት ይህንኑ ነው፤ ሳጥኑ በሙሉ ፕላይውድ ሆኖ ሁለት ማኅተም የሌላቸው ሞራሌዎች ሙሉውን ጭነት በመዳረሻው ወደብ ሊያስይዙት ይችላሉ።

የከሰሉ ሥዕል የተለየ ጠባይ አለው። ከሰል በወረቀቱ ላይ የተቀመጠው በጥቂቱ ተይዞ ብቻ ስለሆነ ምትና ንዝረት ዱቄቱን ያራግፉታል። መስታወቱ ቢሰበር ስብርባሪው ወረቀቱን ስለሚቆርጠው ብዙዎች በአክሪሊክ ሉህ (መስታወት በሚመስል ግልጽ ፕላስቲክ) እንዲተካ ይመክራሉ፤ ለውሃ ቀለምና ለኅትመት ምክሩ ትክክል ነው። ለከሰልና ለፓስቴል ግን ተራ አክሪሊክ አደገኛ ነው፤ ሲጠረግም ሆነ ሲነካ የሚፈጥረው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ዱቄቱን ከወረቀቱ ላይ እየሳበ ወደ ራሱ ይወስዳል። ስለዚህ ሁለት ምርጫ አለዎት፤ አንደኛው በመሐሉ የፕላስቲክ ንብርብር ያለውና ቢሰበርም የማይበታተን መስታወት፣ ሁለተኛው ስታቲክ እንዳይፈጥር ተቀብቶ የተሠራ አክሪሊክ ነው። ያለው ተራ መስታወት የግድ የሚሄድ ከሆነ፣ በቀላሉ የሚለቅ የወረቀት ፕላስተር በትይዩ መስመሮች ከዳር እስከ ዳር ይለጠፍበት፣ ጫፎቹ ታጥፈው ለመላጥ ይመቹ፣ ፕላስተሩ ግን ፍሬሙን ፈጽሞ አይንካ፤ በወርቅ የተለበጠ ፍሬም ላይ የተለጠፈ ፕላስተር ወርቁን ይዞ ይነሣል። ፕላስተሩ ስብርባሪውን ይይዛል እንጂ መስታወቱን ከመሰበር አያድነውም። በወረቀቱና በመስታወቱ መካከል በቂ ክፍተት መኖሩን ያረጋግጡ። ቀጥ ብለው መጓዝ አለባቸው ከተባሉት ሥራዎች መካከልም በዱቄት የተሣሉት ይለያሉ፤ ዱቄቱ የሚራገፍ ከሆነ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ በአግድም ቢጓዝ ይሻላል።

ከሦስቱ የሚያሳስበኝ ሸክላው ነው። የተተኮሰ ሸክላ ሲጫን ብዙ ይቋቋማል፣ ሲጎበጥ ግን ወዲያው ይሰበራል፤ የተዘረጋ እጅ ደግሞ ሁልጊዜ ለመጎበጥ የተጋለጠ ነው። ብዙ አሻጊዎች እጁ እንዳይሰበር በማሰብ እጁን በፎም አጥብቀው ይይዙታል። ሳጥኑ ሲመታ ግን አካሉ በክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የተያዘው እጅ ይቀራል፣ ስብራቱም በትከሻው ላይ ይደርሳል። መያዝ ያለበት ጠንካራው ክፍል ነው፤ መሠረቱ፣ ወገቡ፣ ጀርባው። በእነዚህ ቦታዎች የአካሉን ቅርጽ ተከትለው የተቆረጡ የፖሊኢትሊን ፎም ቁራጮች በሁለት ግማሽ ይዘጋጁ፣ ገጻቸውም ለስላሳና የማይፍቅ እንደ ታይቬክ ባለ ጨርቅ ይልበስ፤ እጆቹ ግን በዙሪያቸው ቢያንስ 4 ሴ.ሜ ባዶ ቦታ ኖሯቸው ምንም ሳይነካቸው ይቁሙ። ቅርጹ ከነዚህ ቁራጮች ጋር በትንሽ ሳጥን ውስጥ ይግባ፣ ትንሹ ሳጥንም ከላይ እንዳሰላነው በክብደቱ ልክ በተመጠኑ ትራሶች ላይ በትልቁ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። የውስጡ ሳጥን ከጎን የሚከፈት ይሁን፤ ሰው ቅርጹን ወደ ላይ ጎትቶ እንዲያወጣ የሚያስገድድ ሳጥን በእጆቹ እንዲይዘው ይጋብዘዋል።

በዚህ ምክንያት ሦስቱን በአንድ ሳጥን ማስገባት አይስማማኝም። ክብደታቸው የተለያየ ስለሆነ አንድ ዓይነት ፎም አያገለግላቸውም፤ ከባዱ ሸክላ ከቦታው ቢለቅ ሸራውን ያገኘዋል፤ ከሰሉ ተኝቶ ሸራው ቆሞ መጓዝ አለባቸው። ሦስት ሳጥኖች ወጪ እንደሚጨምሩ አውቃለሁ፤ ወጪውን መቀነስ የግድ ከሆነ ከጥበቃው ሳይሆን ከውጭው ሳጥን ውበት ይቀንሱ።

ሙቀትና እርጥበትን በተመለከተ ብዙ ጊዜ የሚፈራው የሚያስፈራው አይደለም። በትንሽ የታሸገ ቦታ ውስጥ እንጨት፣ ሸራና ወረቀት ከአየሩ እጅግ የሚበልጥ እርጥበት ስለሚይዙ የአየሩን እርጥበት ራሳቸው ያረጋጉታል። ስለዚህ የጉዞ ፍሬሙን በፖሊኢትሊን ፕላስቲክ መጠቅለልና ማሸግ ከዝናብም ከአየር ለውጥም ይጠብቃል፤ ቅድመ ሁኔታው ግን ሥራው፣ እንጨቱና ፎሙ ከመታሸጋቸው በፊት በአንድ ደረቅና የተረጋጋ ክፍል ውስጥ ጥቂት ቀናት አብረው መቆየታቸው ነው። ከእርጥብ ክፍል ወጥቶ ወዲያው የታሸገ ሥራ እርጥበቱን ይዞ ይጓዛል፣ ሻጋታም ሊያወጣ ይችላል። ፕላስቲኩን ሲያሽጉ ውስጡ ያለውን ትርፍ አየር በቀስታ ያስወጡ፤ በበረራ ላይ የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል የታሸገ ከረጢት ይነፋል። ቅዝቃዜ በበኩሉ ቀለምን፣ በተለይ አክሪሊክን፣ እንደ መስታወት ተሰባሪ ያደርገዋል፤ በክፍል ሙቀት የሚለመጥ አክሪሊክ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ መድረቅ ስለሚጀምር በቀዝቃዛ ወቅት የሚደርስበት ምት የበለጠ ይጎዳዋል።

የአየር ጭነት የጸጥታ ፍተሻ ስለሚያልፍ ሳጥንዎ ሊከፈት እንደሚችል አስበው ይሥሩት። የክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ የአከፋፈቱንና የአስተሻሸጉን ቅደም ተከተል የሚያሳዩ ፎቶግራፎች ይለጠፉ፣ እያንዳንዱ የፎም ቁራጭ ቁጥር ይጻፍበት፣ ያው ቁጥር በሚቀመጥበት የሳጥን ግድግዳ ላይም ይጻፍ። በመልሱ ጉዞ የሚያሽገው ሰው እርስዎን አያውቅም፣ ቋንቋዎንም ላያነብ ይችላል፤ ሥዕልና ቁጥር ግን ይረዳል። በውጭ ዓለም አቀፉ የአያያዝ ምልክቶች፣ ማለትም ወደ ላይ የሚያመለክቱ ቀስቶች፣ የብርጭቆውና የጃንጥላው ምስል በአራቱም ጎን ይታተሙ። የሥዕሉን ስም፣ የሠዓሊውን ስምና ዋጋውን ግን በሳጥኑ ላይ አይጻፉ። የመዘንበልና የምት ጠቋሚ መለጠፍም ይጠቅማል፤ ጠቋሚው ሥራውን ባያድነውም ተሸካሚውን ያስጠነቅቃል፣ አደጋ ከደረሰም ፍንጭ ይሰጣል።

ከመታሸጉ በፊት የእያንዳንዱን ሥራ ይዞታ የሚገልጽ ሰነድ ያዘጋጁ። በጠቅላላው ፎቶግራፍ ብቻ አይወሰኑ፤ ነባር ስንጥቆችን፣ የተነሡ ቀለሞችንና የፍሬሙን ጭረቶች ከጎን በሚመጣ ብርሃን ቅርብ አድርገው ያንሡ፣ ቦታቸውንም በፎቶው ላይ ያመልክቱ። ብዙ የጭነት መድን ውሎች በቂ ባልሆነ ማሸግ የደረሰን ጉዳት ከሽፋን ውጭ ያደርጋሉና የፎሙን፣ የትራሶቹንና የሳጥኑን ፎቶ አብረው ያስቀምጡ።

ሳጥኑ ሲደርስ የመጀመሪያው ፍላጎት ወዲያው መክፈት ነው። እባክዎ ተቀባዮቹ ሳጥኑን ሥራው ለእይታ በሚቀርብበት ክፍል ውስጥ ሳይከፈት 24 ሰዓት እንዲያቆዩት አስቀድመው በጽሑፍ ይስማሙ፤ ቀዝቅዞ የመጣ ሥራ ሞቃትና እርጥብ አየር በድንገት ሲነካው ላዩ ላይ ጤዛ ይይዛል፣ ቀለሙም ገና ተሰባሪ ነው። ሲከፈት የሳጥኑ ወለልና የጥቅሉ ውስጥ ከመጠረጉ በፊት በጥንቃቄ ይታይ። የወደቀ የቀለም ቅንጣት ወይም የሸክላ ፍንካች ከተገኘ፣ ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ የተገኘበት ቦታ ፎቶ ይነሣ፣ ቅንጣቱም በትንሽ ዕቃ ውስጥ ተደርጎ የሥራው ስም ይጻፍበትና ከሰነዱ ጋር ይቀመጥ፤ ጥገናውን የሚሠራው ባለሙያ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው እርሱን ነው።